«ማካፈል» ወይስ «የጋራ ማድረግ»፦ በአንድ የቤት መሣሪያ መምሪያ ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ስለ መመለስ በሚነሣው ክርክር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሚዛን የሚደፉት የሐኪሙ፣ የመሐንዲሱና የመምህሩ ቃላት ናቸው። ለእነዚህ ቃላት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ረቂቅ ይዘጋጃል፤ ሲሳሳቱም የሚያርማቸው ባለሙያ አያጡም። ዛሬ ለሒስ የመረጥነው ጽሑፍ ግን ከዚህ ክብር የራቀ ነው። ይኸውም ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የፊልምና የድምፅ ማጫወቻ ለገዛ ሰው ከካርቶኑ ጋር የተሰጠ፣ በአማርኛ የተዘጋጀ ባለ 16 ገጽ መምሪያ ነው። የአዘጋጁ ስም አልተጻፈበትም፤ የሻጩንም ስም ማንሣት አያስፈልግም። የመምሪያው ዋና ምዕራፍ የሚያስተምረው ከማጫወቻው ጋር በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ የተያያዘውን ሃርድ ዲስክ በቤቱ ውስጥ ያሉ ሌሎች ኮምፒዩተሮችም በኔትወርክ አማካይነት እንዲገለገሉበት የማድረጉን ዘዴ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለዚህ መጽሔት ያንሳል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በምዕራፉ ውስጥ በተመረጠ አንድ ግሥ ምክንያት ሰባት ካሴት ሙሉ የመስክ ቅጂ ማጣታችንን ከወዲሁ ልንነግረው እንወዳለን።

በቅድሚያ ምስጋና የሚገባውን እናመስግን። የመምሪያው አማርኛ በጠቅላላው የጠራ ነው። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ ግሡ በቦታው አለ፤ ብዙዎቹ ትርጉሞች እንደሚያደርጉት እንግሊዝኛውን በአማርኛ ልብስ አላቆመውም። «ማጫወቻ»፣ «ማከማቻ»፣ «አቃፊ» እና «የይለፍ ቃል» የተባሉት ስያሜዎች ሕዝቡ የለመዳቸው ስለ ሆኑ እንዳሉ መወሰዳቸው ተገቢ ነው። «ሃርድ ዲስክ» የሚለውንም ቃል መተርጎም አላስፈለገውም። ይህ ቃል ከመርካቶ እስከ ገጠር ከተማ ፊልም መጫኛ ሱቅ ድረስ የሚነገር ስለ ሆነ አማርኛ ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ስለዚህ ስሕተቱ በዘፈቀደ ከሚሠራ ሰው የመጣ አይደለም። ጠንቃቃ ሰው የሠራው ስሕተት በመሆኑ ነው ልንመረምረው የወደድነው።

ወደ ቃሉ ከመግባታችን በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባናል፤ አሠራሩን ሳያውቁ በስያሜው ላይ መፍረድ በቃላት ሥራ ውስጥ የተለመደ ጥፋት ነውና። ማጫወቻው ትንሽ ሣጥን ነው። በአንድ ወገን ከቴሌቪዥኑ፣ በሌላው ወገን ከሃርድ ዲስኩ ጋር በገመድ ይያያዛል። በሦስተኛ ወገን ደግሞ በገመድ ወይም በዋይፋይ ከቤቱ ራውተር ጋር ይገናኛል። በራውተሩ በኩል የሚመጡት ሌሎች ኮምፒዩተሮች ሃርድ ዲስኩን በቀጥታ አይነኩትም። የሚያደርጉት ማጫወቻውን መጠየቅ ነው፤ ይህን ፋይል አንብብልኝ፣ ይህን ጻፍልኝ፣ ይህን አጥፋልኝ እንደ ማለት ነው። ማጫወቻው የተጠየቀውን ይፈጽምና ውጤቱን ይልካል። በጠያቂው ኮምፒዩተር መስኮት ላይ የሚታየው የፋይሎች ዝርዝር እዚያው ያለ ቢመስልም፣ አንድም ፋይል ከቦታው አልተነሣም። ዲስኩ አንድ ነው፤ ፋይሉም አንድ ነው፤ ወደ እርሱ የሚያስገቡት በሮች ግን ብዙ ሆነዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። በአንደኛው በር ገብቶ ፋይሉን ያጠፋ ሰው ለሁሉም አጥፍቶታል። ከዚህም በላይ፣ ከዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ በኔትወርክ በኩል የጠፋ ፋይል እንደ ወትሮው ወደ «ሪሳይክል ቢን» አይገባም፤ ወዲያውኑ ይጠፋል። እንግዲህ ለዚህ ተግባር የሚመረጠው ግሥ ሌላ ምንም ነገር ባይናገር እንኳ ዲስኩ አንድ መሆኑን መናገር አለበት፤ ቢያንስ ሁለት ነው ብሎ መዋሸት የለበትም።

መምሪያው የመረጠው ግሥ «ማካፈል» ነው። ምዕራፉ «ሃርድ ዲስክን ለቤተሰብ ስለ ማካፈል» ይሰኛል፤ ተግባሩ ሲፈጸም በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚታየውን አቃፊም «የተካፈለ» ብሎ እንዲሰይሙት ያዛል። ከዚህ ግሥ ሥር የሚወለዱትን ቃላት እንመልከት፦ ከፈለ፣ ክፍል፣ ክፋይ፣ ክፍያ፣ ክፍፍል፣ ተካፈለ፣ አካፈለ፣ አከፋፈለ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ሥረ ትርጉም አንዱን ነገር ብዙ ማድረግ፣ ለባለ ድርሻውም ድርሻውን መስጠት ነው። እንጀራውን የሚያካፍል ሰው ከፊቱ ያለው ይጎድልበታል፤ የተቀበለውም ሰው የደረሰውን ቢበላው ወይም ቢጥለው የሰጪውን አይነካበትም። የርስት ክፍፍልም እንዲሁ ነው፤ ወንድም የራሱን ድርሻ ቢሸጥ የወንድሙ ማሳ ባለበት ይቆያል። ሒሳብ የጀመረ ሕፃን እንኳ ስሌቶቹን ሲቆጥር መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ብሎ የመጨረሻውን ማካፈል ይለዋል።

እርግጥ ነው፣ ሰዎች ሐዘንን ሲካፈሉ፣ በስብሰባ ሲካፈሉ፣ ልምዳቸውን ሲያካፍሉ የሚጎድል ነገር የለም። ይህን በማስረጃነት የሚያቀርብብን ተከራካሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሆኖም ይህ አገባብ የሚሠራው ለማይጨበጥ ነገር ነው። ዳቦ፣ መሬት፣ ገንዘብ፣ ዕቃ ሲመጣ ግሡ የመቁረስ ትርጉሙን መልሶ ይይዛል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ በእጅ የሚያዝ፣ በገንዘብ የሚገዛ፣ ቦታው የሚሞላ ዕቃ ነው።

ነገሩን ያባባሰው ሌላም ነገር አለ። መምሪያው በገጽ 5 ላይ አንዱን ዲስክ በተለያዩ ቦታዎች ከፍሎ ስለ ማዘጋጀት ሲናገር እያንዳንዱን ቦታ «ክፍል» ይለዋል። ይህ በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን አንባቢው በገጽ 5 «ክፍል»ን፣ በገጽ 9 «የተካፈለ»ን ሲያገኝ ሁለቱን አያይዞ፣ ዲስኩ ተከፍሏል፣ ለየሰዉም ክፍሉ ደርሶታል ብሎ ቢረዳ ሊወቀስ አይገባውም። ያያያዛቸው አማርኛ ስለሚያውቅ ነው።

ይህ ከወረቀት የማያልፍ ክርክር ቢሆን ኖሮ በአንድ አንቀጽ በተወሰንን ነበር። ከ1986 እስከ 1988 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በሸማኔዎች፣ በአንጥረኞችና በሸክላ ሠሪዎች መካከል እየተዘዋወርን የእጅ ሙያ ቃላት ስንሰበስብ በ31 ካሴት ድምፅ ቀድተን ነበር። ካሴቶቹ እያረጁ ሲሄዱ ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥናቸው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ሳይጨመቅ ሲቀመጥ 635 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ጠቅላላው ወደ 20 ጊጋባይት ደረሰ። ዲስኩን ከሳሎኑ ማጫወቻ ጋር ያያያዝነው የእነዚያ ሽማግሌዎች ንግግር በመሳቢያ ውስጥ ተዘግቶ ከሚቀር ቤተሰቡም ይስማው ብለን ነው።

ለዕረፍት የመጣው የእኅታችን ልጅ መምሪያውን አንብቦ፣ የታዘዘውን ሁሉ አንድም ሳይቀር ፈጽሞ፣ ዲስኩን ከመኝታ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ከፈተው። «የተካፈለ» የሚለውን አቃፊ አገኘ። ቦታው ጠቦ ስለ ነበር በውስጡ ያሉትን የድምፅ ፋይሎች አጥፍቶ በምትካቸው ፊልሞች ጫነበት። በማግስቱ ስንጠይቀው ምንም ሳይደነግጥ የሰጠን መልስ፣ «ጋሼ፣ የራሴን ድርሻ ነው ያጠፋሁት እንጂ የእርስዎን አልነካሁም» የሚል ነበር።

ልጁን ለመቆጣት ሞክረን አልሆነልንም። የተናገረው ዐረፍተ ነገር በመምሪያው አማርኛ ቢመዘን አንዳችም ስሕተት የለበትም። «አካፍል» ተብሎ አካፈለ፤ ከተካፈለው ድርሻውን ወሰደ፤ በድርሻውም እንደ ወደደ አዘዘበት። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ ምልክት ባስጠነቀቀው ነበር። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ የቤት ኔትወርክ 20 ጊጋባይት መገልበጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ አቃፊው ግን ገና ሲነካ ነው የተከፈተው። ስለዚህ በፊቱ ያለው ግልባጭ ሊሆን አይችልም ነበር። ይህን ግን ከመምሪያው ሊረዳ አይችልም። የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ስለሚቆይ በባለሙያ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ፊልሞቹ በላዩ መጻፋቸው ይህንንም ተስፋ ዘጋው። ከ31ዱ ካሴቶች 24ቱን ከዋናዎቹ እንደገና ማስገልበጥ ተችሏል። የቀሩት ሰባቱ ክራቸው ተጣብቆ አልተላቀቀም። ከእነዚህም ውስጥ ሦስቱ አንድ አዛውንት ሸማኔ ድር ከሚያደሩበት አንሥቶ ጥለቱን እስከሚያወጡበት ድረስ ያለውን ሥራ በየስሙ የዘረዘሩባቸው ነበሩ። እኒያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። ካርድ ላይ የሰፈረው ከተናገሩት ግማሹ እንኳ አይሆንም። ሌላ ቅጂ ሳናስቀምጥ መቅረታችን የእኛ ጥፋት ስለ ሆነ በመምሪያው ላይ አንደርበውም።

በ«ማካፈል» ፈንታ ምን ይባል? ወዲያው ወደ አፍ የሚመጣው «ማጋራት» ነው። በአማርኛ በተዘጋጁት የስልክና የኮምፒዩተር ገጾች ላይ «አጋራ» ወይም «ያጋሩ» የሚለው ቃል ተለምዷል። ከሥሩ ቢታይም ቃሉ ከ«ማካፈል» በእጅጉ የተሻለ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ መጽሐፍ ሲጋሩ መጽሐፉ አይቀደድም፤ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ግቢ ሲጋሩ በሩ አንድ ነው። ይህ ጽሑፍ ከ20 ዓመት በፊት ቢጻፍ ኖሮ ሳናመነታ «ማጋራት» ብለን እንዘጋው ነበር።

ነገር ግን ከማኅበራዊ መገናኛው መስፋፋት ወዲህ ቃሉ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ሕዝቡ «ሼር ማድረግ» የሚለውን፣ የገጽ ተርጓሚዎችም «ማጋራት» ያሉትን ተግባር ብንመረምር፣ ፎቶግራፍን ወይም ጽሑፍን ለሌላ ሰው መላክና ማሠራጨት ነው። የላከው የራሱ አለው፤ የተቀበለውም የራሱ አለው፤ ተቀባዩ ከስልኩ ቢያጠፋው የላኪው አይጠፋም። ይህ በአማርኛ ማባዛት እንጂ መጋራት አይደለም። ዛሬ ለአንድ ወጣት «ዲስኩን አጋራሁህ» ብንለው፣ ልክ እንደ ፎቶግራፉ ቅጂው ደረሰኝ ብሎ ይረዳል። እንግዲህ «ማጋራት» በሥሩ ደኅና ሆኖ በአጠቃቀሙ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ የቃላት ሰው ደግሞ ሥሩን ብቻ እያየ ሊፈርድ አይችልም።

የዚህ ሁሉ መነሻ እንግሊዝኛው ነው። በእንግሊዝኛ ዳቦን ቆርሶ መስጠት፣ ፎቶግራፍን መላክና ዲስክን ለሌላ ኮምፒዩተር መክፈት በአንድ ግሥ ይነገራሉ። የቋንቋው ባለቤቶች በዚህ ይኖራሉ፤ ሲደናገሩም በራሳቸው መንገድ ይፈቱታል። እኛ ግን ለሦስቱ ሦስት ግሥ እያለን የእነርሱን አንድ ግሥ በአንድ ግሥ ለመመለስ ስንታገል ያልነበረብንን ድንግርግር ተበደርን። ለአንድ የውጭ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ይቁም የሚለው ደንብ በሳይንስ ስያሜ ላይ ያለውን ጥቅም አንክድም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ዓይነት ሥራ ያለዚህ ደንብ ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን ደንቡ የሚጠቅመው የውጭው ቃል አንድ ነገር ብቻ ሲያመለክት ነው። ሦስት ነገር የሚያመለክት ቃል ሲገጥመን የምንተረጉመው ነገሩን እንጂ ቃሉን መሆን የለበትም።

የእኛ ሐሳብ «የጋራ ማድረግ» የሚል ነው፤ ከዚህም «የጋራ ዲስክ» እና «የጋራ አቃፊ» ይወጣሉ። ሥሩ ከ«ማጋራት» ጋር አንድ ነው፤ የመላክን ትርጉም ግን አይሸከምም። «የጋራ» የሚለው ቃል በከተማ ነዋሪ ዘንድ ሕያው ትርጉም አለው። በየጋራ መኖሪያ ቤቱ ደረጃው የጋራ ነው፤ ሁሉም ይወጣበታል፣ ይወርድበታል፤ ከደረጃው ላይ ድርሻዬ ነው ብሎ ሁለት እርከን ነቅሎ የሚወስድ ግን የለም። የዲስኩም ነገር ከዚህ አይለይም። አንድ የሥራ ባልደረባችን «የወል» ይሻላል ብለውናል። የወል መሬት፣ የወል ግጦሽ እንዲሉ ቃሉ ጥንታዊና አጭር ነው፤ በሰዋስውም «የወል ስም» ብለን እንገለገልበታለን። ብንወደውም የሚናገረው ሰው እያነሰ በመሄዱና ከእርሱ ግሥ ለማውጣት ስለሚያስቸግር በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠነዋል።

«የጋራ ማድረግ» ጉድለት የለውም አንልም። አንደኛ፣ ሁለት ቃል ነው፤ በትንሽ የስልክ መስኮት ላይ ቦታ ይይዛል። ሁለተኛው ጉድለት ከበድ ይላል፤ «የጋራ» የተባለ ነገር ለሁሉም እኩል መብት የሚሰጥ ያስመስላል። የዲስክ ባለቤት ግን ለአንዱ ማንበብ ብቻ፣ ለሌላው ማንበብም መጻፍም ሊፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ስያሜው ብቻውን መቆም የለበትም። «ለንባብ ብቻ የጋራ» እና «ለንባብና ለጽሕፈት የጋራ» ተብሎ ፈቃዱ አብሮት መነገር ይኖርበታል። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁሉም ያነባል፤ የሚለጥፍበት ግን የተፈቀደለት ነው። መምሪያው ይህን የፈቃድ ልዩነት የሚያነሣው በገጽ 14፣ በሁለት መስመር ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ሊነገር የሚገባው ነገር ከሁሉ በኋላ መምጣቱ የቋንቋ ሳይሆን የአቀራረብ ጉድለት ቢሆንም፣ ከቋንቋው ጋር ተዳምሮ ጉዳት አድርሷል።

የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ የሚገባውን ሰው መምሪያው «እንግዳ» ይለዋል። ቃሉ ትክክለኛ ትርጉም ነው፤ አንነካውም። ነገር ግን ወደ አማርኛ ሲገባ ልማዱንም ይዞ መግባቱን አዘጋጁ ልብ ያለ አይመስልም። በእኛ ቤት እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ቡና ይቀርብለታል፤ ጓዳ ገብቶ የእህል ጎተራ አይገለብጥም። በዚህ ማጫወቻ ላይ ግን «እንግዳ» የተባለው ሰው፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ የቤቱን ዋይፋይ ያገኘ ማንኛውም ሰው ነው፤ መጻፍም ማጥፋትም ይችላል። አንባቢው «እንግዳ ይግባ» የሚለውን ሲመርጥ ሳሎኑን እንጂ ጓዳውን የከፈተ አይመስለውም። እዚህ ላይ የአንድ ዐረፍተ ነገር ማብራሪያ ይበቃ ነበር።

ከ«ማካፈል» ቀጥሎ ያስቸገረን «ሰርዝ» ነው። መምሪያው ፋይልን ለማጥፋትም «ሰርዝ»፣ የተጀመረውን ትእዛዝ ለመተውም «ሰርዝ» ይላል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ፋይሉ ይጥፋ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «ሰርዝ» ማለት አዎን ይጥፋ ነው ወይስ ትእዛዙ ይቅር? በዚህ ላይ መሰረዝ በመሠረቱ ማጥፋት አይደለም። ሰረዘ ማለት በተጻፈው ላይ መስመር አሰመረ ማለት ነው፤ የተሰረዘው ቃል ከመስመሩ ሥር ይነበባል፤ ቀጠሮ ሲሰረዝም ቀጠሮ እንደ ነበረ ይታወቃል። ብራና የሚጽፉት ሊቃውንት ይህን በሚገባ ለይተውታል። ከብራናው ላይ ፊደል ማስወገድ ሲፈልጉ ይፍቁታል። መፋቅን ወደ ኮምፒዩተር ለማምጣት አንሻም፤ «አጥፋ» እና «ተው» የሚሉት ሁለት ተራ ቃላት ሥራውን በሚገባ ይሠራሉ። በነገራችን ላይ የእኅታችን ልጅ «የተሰረዘ ነገር ይመለሳል ብዬ ነው» ብሎም ነግሮናል፤ በአማርኛው እርሱም አልተሳሳተም።

ስለ አድራጊው ቅጽ ጥቂት እንበል። መምሪያው በአንድ ገጽ ላይ «አካፍል»፣ «ክፈት»፣ «ሰርዝ» ይልና በሚቀጥለው «ያካፍሉ»፣ «ይክፈቱ» ይላል። በማጫወቻው ፊት የሚቀመጡት እናት፣ አያት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ልጅ ናቸው፤ አንዲት የ70 ዓመት እመቤትን «ክፈት» ማለት በጾታም በአክብሮትም ጥፋት ነው። ቁልፍ ላይ ለሚጻፈው «መክፈት»፣ «ማጥፋት» የሚለው ንዑስ አንቀጽ ለሁሉም ይስማማል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን የአክብሮቱ ቅጽ ሳይቋረጥ ሊሄድ ይገባል።

«ውጫዊ ሃርድ ዲስክ» የሚለው ትርፍ ነው። አገሩ ሁሉ «ሃርድ ዲስክ» ሲል በቦርሳ የሚያዘውን ማለቱ ነው፤ መለየት ካስፈለገ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ያለውን «የውስጥ» ማለት ይበቃል። «አውታረ መረብ»ን በተመለከተ፣ አውታርም መረብም ከክር የመጡ በመሆናቸው ስያሜው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገር ይመስለናል፤ ቢሆንም ከተለመደ ቆይቷል፤ የሚጎዳው ሰው ስለሌለ አንከራከርበትም። «ኔትወርክ» የሚለውም ያው ይሠራል።

አንድ ሌላ ቃል ግን ዝም ልንለው አንችልም። ኮምፒዩተሩና ማጫወቻው የሚነጋገሩበት የጥያቄና የመልስ ሥርዓት ኤስ.ኤም.ቢ. ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ የተፈጠረ ነው። አሮጌዎቹ ማጫወቻዎች የሚያውቁት የዚህን ሥርዓት የመጀመሪያ ስሪት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በዓለም ዙሪያ ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ የጠየቀው ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም የተሠራጨው በዚሁ በአሮጌው ስሪት ቀዳዳ ነበር። በዚያው ዓመት መጸው የወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ይህን ስሪት በነባሪነት መጫን ተወ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ማጫወቻው ከኮምፒዩተሩ መስኮት የጠፋበት በዚህ ምክንያት ነው። መምሪያው መፍትሔ ብሎ የሚሰጠው «ነባሩን ስሪት ያስነሡ» የሚል ነው። ነባር! በአማርኛ ነባር ሠራተኛ፣ ነባር መምህር፣ ነባር ይዞታ ሲባል የጸና፣ የተፈተነ፣ መብት ያለው ማለት ነው። ነባርና አዲስ ተብሎ ምርጫ የቀረበለት አንባቢ ነባሩን ቢመርጥ አስተዋይነት ይመስለዋል። ትክክለኛው አማርኛ «ጊዜ ያለፈበት» ነው፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲነሣ እንኳ አንባቢው አደጋውን ዐውቆ እንዲያነሣው ያደርጋል።

በብዙዎቹ ማጫወቻዎች ውስጥ ይህን ሥርዓት የሚያካሂደው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል። መምሪያው «ሳምባውን ያስነሡ»፣ «ሳምባው ካልሠራ» እያለ ሲናገር የሐኪም ቤት ጽሑፍ ይመስላል። ለቃላት ሰዎች የስያሜው ታሪክ ሳይጠቅም አይቀርም። ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካንቤራ መሥራት የጀመረው አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል የመጀመሪያው ስም በሌላ ኩባንያ የተያዘ ሆኖ ስላገኘው ሌላ ስም መፈለግ ነበረበት። ያደረገውም በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን የፊደል ማረሚያ መዝገበ ቃላት ከፍቶ ኤስ፣ ኤም እና ቢ የተባሉት ሦስት ፊደላት በቅደም ተከተል የሚገኙባቸውን ቃላት ማውጣት ነበር። ከወጡት ጥቂት ቃላት መካከል የብራዚሉ ዳንስ ስም አንዱ ነበርና መረጠው። መዝገበ ቃላት የወለደው ስም በእኛ መዝገበ ቃላት መተንፈሻ አካል ሆኖ መገኘቱ የማንም ጥፋት አይደለም። ለመምሪያ ጸሐፊ የምንመክረው ቃሉን ባለ አጫፋሪ እንዲጽፈው፣ «ሳምባ የተባለው ፕሮግራም» እንዲልና «ሳምባው» ከማለት እንዲቆጠብ ነው።

መምሪያው እንደገና የሚታተም ከሆነ ይታረም የምንለው ዋናው ነገር የምዕራፉ ግሥ ነው። ለመዝገበ ቃላት የሚሆን ረቂቅ ፍቺ እንደሚከተለው አቅርበናል።

የጋራ አደረገ (ግሥ)፦ በአንድ መሣሪያ ላይ የተቀመጠን ዲስክ፣ አቃፊ ወይም ፋይል ከቦታው ሳያነሣና ቅጂ ሳያወጣ፣ ሌሎች መሣሪያዎች በኔትወርክ አማካይነት እንዲያነቡት፣ ወይም እንዲያነቡትና እንዲጽፉበት ከፈተ። ምሳሌ፦ «ሃርድ ዲስኩን ለንባብ ብቻ የጋራ አደረግሁት፤ ከመኝታ ቤት ትሰማዋለህ፣ ልታጠፋው ግን አትችልም።»

ለሁለተኛው ጉድለት፣ ይኸውም ለ«ንባብ ብቻ» ከዚህ ያጠረና የተሻለ ቃል የሚያውቅ አንባቢ ቢጽፍልን ረቂቁን እናሻሽለዋለን። እንዲሁም በሰሜን ሸዋ የሽመና ሙያ ካላቸው ቤተሰቦች የተወለዱ አንባብያን ድር ስለ ማድራትና ጥለት ስለ ማውጣት የሚያውቋቸውን ቃላት ቢልኩልን፣ በካርዶቻችን ላይ ባዶ የቀሩት ቦታዎች ብዙ ናቸው።